ቀዳዳውን ያየ ሰው ለማን ይንገር?

ዲላ ላይ ቡና የሚገዛ ነጋዴ ጆንያ ሳያስፈታ፣ እፍኝ ፍሬ መዳፉ ላይ በትኖ ሳያይና ሳያሸት ዋጋ አይጠራም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የቡና ግብይት ከጀመረበት ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ በዲላ ቅርንጫፉ የሚደረገውም ከዚህ የራቀ አይደለም። ከጭነቱ ላይ ናሙና ይወሰዳል፤ ጉድለት ያለባቸው ፍሬዎች ተለቅመው ይቆጠራሉ፤ ቡናው ተቆልቶና ተፈልቶ ይቀመሳል፤ ደረጃ የሚወጣለት ከዚያ በኋላ ነው። ቀማሹ "ይህ ቡና ሻጋታ ሻጋታ ይላል" ቢል አቅራቢው ፊቱን ያጠቁር ይሆናል እንጂ ፖሊስ አይጠራበትም። የቀማሹ እንጀራ ጉድለት ፈልጎ መናገር መሆኑን ገበያተኛው ሁሉ ያውቃል።

ጉድለት እዚህ ሳይነገር ቀርቶ ገዢው አገር ሲደርስ ምን እንደሚያስከትል ደግሞ የቡና ነጋዴ በኪሱ ተምሮታል። በ2000 ዓ.ም. ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ ከተፈቀደው መጠን ያለፈ የፀረ ተባይ ቅሪት ማግኘቷን ስታስታውቅ ወደዚያ የሚላከው ቡና ክፉኛ አሽቆለቆለ። ጥርጣሬው ቆይቶ ያረፈው ቡናው በተጫነበት ጆንያ ላይ ነበር። ከጭነት በፊት ጆንያውን መርምሮ የሚናገርና ሲናገር የሚሰማው ሰው ቢገኝ ኖሮ ኪሳራው ከጥቂት ጆንያ ዋጋ ባላለፈ ነበር።

ዛሬ የጌዴኦ ነጋዴ ከቡናው ባልተናነሰ የሚመካበት፣ ግን እንደ ጆንያ ተፈትቶ የማይታይ ሌላ ሸቀጥ አለ። እርሱም ሶፍትዌር ነው። በመኸር ወቅት ከወናጎ፣ ከይርጋጨፌ፣ ከኮቸሬና ከገደብ እሸት ቡና ወደ መፈልፈያ ጣቢያው ሲጎርፍ ገንዘቡም አብሮ መጉረፍ አለበት። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጣዕሙ ይበላሻል፤ ገበሬውም ዱቤ አይወድም። ሰብሳቢው ለገበሬው፣ አቅራቢው ለሰብሳቢው የሚከፍለው ገንዘብ ውሎ አድሮ ከኪስ ወደ ባንክ፣ ከባንክም ወደ ስልክ እየተሸጋገረ ነው። እንግዲህ የባንክ ሲስተም ለግማሽ ቀን ቢቆም ወይም በሒሳቡ ላይ የሚታየው ቁጥር ቢያጠራጥር የሚጎዳው ባንኩ ብቻ አይደለም። መፈልፈያው ደጃፍ ላይ ተከምሮ የሚውለው እሸትም ገንዘብ ነው።

ለቡና ጉድለት የሚቆጥር፣ የሚቀምስና የሚናገር ሰው በደመወዝ ተቀጥሯል። የሶፍትዌርን ጉድለት በአጋጣሚ ያየ ሰውስ ለማን ነው የሚናገረው? ሲናገርስ ለምን ይፈራል?

የመጋቢቱ ሌሊት

ጥያቄው ከሜዳ የመጣ አይደለም። ዓርብ መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለቅዳሜ አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በሲስተሙ ላይ የማሻሻልና የፍተሻ ሥራ ሲያካሂድ ስህተት ተፈጠረ። በወቅቱ ከ38 ሚሊዮን በላይ የሒሳብ ደንበኞች በነበሩት በዚህ የመንግሥት ባንክ ውስጥ ሰዎች በሒሳባቸው ከሌለ ገንዘብ በላይ ከኤቲኤም ማውጣትና በስልክ ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በስልክና በመልእክት መላላኪያ መተግበሪያዎች ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዛመተ። ቢቢሲ ካነጋገራቸው ተማሪዎች አንዱ የዲላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲሆን፣ በርካታ ጓደኞቹ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ገንዘብ እንዳገኙ ተናግሯል። አንድ የጅማ ተማሪ ደግሞ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ጓደኞቹ ሲነግሩት እውነት እንዳልመሰለው ገልጿል። ባንኩ ግብይቱን አግዶ እስኪያቆም ሰዓታት አለፉ፤ በማግስቱም አገልግሎቱ ተቋርጦ ዋለ።

በጊዜው የባንኩ ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ አቤ ሳኖ ችግሩ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረና የደንበኞች ሒሳብ እንዳልተነካ አስታወቁ። ባንኩ ቆይቶ ባደረገው ቆጠራ ያለአግባብ የወጣው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑ ተነገረ። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው ገንዘቡን እንዲመልሱ ማሳሰቢያ አወጡ፤ በፈቃዱ የመለሰ ሰው በወንጀል እንደማይጠየቅም ተገለጸ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከገንዘቡ ሦስት አራተኛ ያህሉ ተመለሰ። ያልመለሱት ደንበኞች ስምና ፎቶግራፍ ይፋ ወጣ፤ በየቅርንጫፉ ደጃፍም ተለጠፈ።

ገንዘቡን ስለወሰዱት ሰዎች ብዙ መከራከር አያስፈልግም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2162 በሌላ ሰው ሀብት ያለበቂ ምክንያት የበለጸገ ሰው ባለሀብቱን እንዲክስ ያዛል። ማሽን ቆጥሮ ስለሰጠ ገንዘቡ የተቀባዩ አይሆንም። በር ተከፍቶ አደረ ተብሎ የጎረቤት ዕቃ አይወሰድም፤ ይህን ለማወቅም የሕግ ትምህርት ቤት መግባት አያሻም።

ይሁን እንጂ ስለወሰደውና ስለመለሰው ሰው ያን ያህል ሲነገር አንድ ሰው ተረስቷል። እርሱም ስህተቱን ከሁሉ አስቀድሞ ያየው ሰው ነው።

እንበልና በሒሳቡ 200 ብር ያለው ተማሪ ሳያስተውል 500 ብር ጠየቀ፤ ማሽኑም ቆጥሮ ሰጠው። ሰዓቱ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። ከፊቱ አራት መንገዶች አሉ። ዝም ብሎ ሄዶ መተኛት፣ ደጋግሞ ማውጣት፣ ለዶርም ጓደኞቹ መንገር፣ ወይም ለባንኩ ማሳወቅ። የመጀመሪያው ምንም አያደክምም። ሁለተኛው ያጓጓል። ሦስተኛው አንዲት አጭር መልእክት መላክ ነው። አራተኛው ግን ሥራ አለበት። ተማሪው ማንን እንደሚያገኝ ማወቅ አለበት፤ ያገኘው ሰው ነቅቶ የሚጠብቅና የሚነገረውን የሚረዳ መሆን አለበት፤ ከሁሉም በላይ ተማሪው "አንተስ ይህን እንዴት አወቅህ?" ተብሎ እንደማይያዝ መተማመን አለበት። ከአራቱ መንገዶች ለባንኩ የሚበጀው አንዱ ብቻ ሆኖ ሳለ ለተማሪው ከባዱ እርሱ ነው።

"ባንክ የጥሪ ማዕከል አለው አይደል?" የሚል አይጠፋም። የጥሪ ማዕከል ማሽን ካርዱን የዋጠበትንና የሚስጥር ቁጥሩ የጠፋበትን ደንበኛ ለማስተናገድ የተሰናዳ ነው። "ሲስተማችሁ ቀዳዳ አለው" የሚል ደዋይ ሲመጣ ስልኩን ያነሳው ሠራተኛ ማንን ከእንቅልፉ እንደሚቀሰቅስ፣ አገልግሎቱን ለማስቆም ሥልጣን ያለው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ካልተነገረው "ሰኞ ጠዋት ቅርንጫፍ ይሂዱ" ከማለት ሌላ ምን ይላል? እንዲህ ባለ ሌሊት እያንዳንዱ ደቂቃ በሚሊዮን ብር ይተመናል።

ነገሩ በመጋቢት ስለሆነ የጌዴኦ ገበያ ዕድለኛ ነበር። ኅዳር ላይ፣ እሸት ቡና በየጣቢያው በሚሰለፍበት ሰሞን ቢሆን ኖሮ የአንድ ቀን መቋረጥ በገበሬውም በአቅራቢውም ላይ የሚጥለው ጠባሳ ሌላ በሆነ ነበር። ፎቶግራፍ መለጠፍ የሄደውን ገንዘብ ለማስመለስ ረድቶ ይሆናል። የሚቀጥለውን ቀዳዳ ቀድሞ ለማወቅ ግን አይረዳም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለዚህ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 3 ያለፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ በላይ ሆን ብሎ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን ወንጀል አድርጎታል። ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት የሚደርስ ቀላል እስራት፣ ወይም ከ30 ሺህ እስከ 50 ሺህ ብር መቀጮ፣ ወይም ሁለቱም ነው። ድርጊቱ የተፈጸመው በቁልፍ መሠረተ ልማት ላይ ከሆነ ቅጣቱ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይሆናል። ይኸው አዋጅ አገልግሎት ሰጪዎችና የመንግሥት ተቋማት በሚያስተዳድሩት ሥርዓት ላይ ወንጀል መፈጸሙን ሲያውቁ እንዲያሳውቁ ግዴታ ጥሎባቸዋል።

አዋጁ የወጣው ሌባ ለመያዝ ነው፤ ያስፈልጋልም። ቀዳዳውን በአጋጣሚ ያየ ሰው "ሆን ብሎ" አልገባምና ቃሉ በቀጥታ ሲነበብ ጥፋተኛ ሊባል አይገባውም። ነገር ግን ያየው ነገር እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ ሁለተኛ የሞከረስ? በገዛ ሒሳቡ ላይ ብቻ፣ ያውም በ10 ብር የሞከረስ? የተመለሰለትን 10 ብር ይዞ ባንክ የሄደስ? መልሱ በመርማሪው፣ በዓቃቤ ሕጉና በዳኛው አስተያየት ላይ ያርፋል። ጠበቃ ቀጥሮ አስቀድሞ የሚጠይቅ ተማሪ ደግሞ የለም። መልሱን የማያውቅ ሰው ዝም ይላል። ዝምታው የሚጠቅመውም አውቆ፣ አድብቶና ተዘጋጅቶ የመጣውን ሌባ ነው። እርሱ አዋጁን አንብቦ አይመለስም፤ ቀዳዳው ሳይደፈን በቆየ ቁጥር ሲሳዩ ነው።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ?

በሌላውም ዓለም መላው በአንድ ቀን አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1988 "የሞሪስ ትል" የተባለው ፕሮግራም በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮችን ካሽመደመደ በኋላ በአሜሪካ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ "ሰርት" የተባለ የማስተባበሪያ ማዕከል ተቋቋመ። ከሥራዎቹ አንዱ ቀዳዳ ያገኘውን ሰው ሶፍትዌሩን ከሠራው ኩባንያ ጋር ማገናኘት ነበር።

በዚያ ዘመን ሁለት ጎራ ነበረ። ኩባንያዎቹ ጉድለታቸው ለዘላለም እንዲደበቅ ይፈልጋሉ፤ አንዳንዶቹም ለነገራቸው ሰው የጠበቃ ማስፈራሪያ ይልኩለት ነበር። ቀዳዳ ፈላጊዎቹ በበኩላቸው "ዝም ካልን አይጠግኑም" በማለት ያገኙትን ሁሉ ወዲያው አደባባይ ያወጡታል። በመካከሉ የሚጎዳው ሶፍትዌሩን ገዝቶ የሚሠራበት ነጋዴ ነበር። ቀዳዳው ቢደበቅ ሳያውቅ ይዘረፋል፤ ሳይደፈን ቢታወጅም ያው ይዘረፋል።

ውሎ አድሮ ሁለቱን ያስማማ ወግ ተገኘ። ያገኘ ሰው ለባለቤቱ በምስጢር ይነግራል። ባለቤቱ መልእክቱ እንደደረሰው ያረጋግጣል፤ መጠገኛውንም ያዘጋጃል። ጊዜው ግን ገደብ አለው። "ሰርት" 45 ቀን ሲሰጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የተቋቋመው የጉግል የምርመራ ቡድን 90 ቀን ይሰጣል። ከተጠገነ ወይም ገደቡ ካለፈ በኋላ ነገሩ ለሕዝብ ይገለጣል፤ ያገኘውም ሰው በስሙ ይመሰገናል። በ2014 ለዚሁ አሠራር 29147 የሚል ቁጥር የተሰጠው ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ወጣ። የጊዜ ገደቡ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ቀን ያልተቆረጠበት ሥራ ያድራል። አቅራቢ ቡናውን አበጥሮ እንዲመልስ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ሳያበጥር ቢመጣ ግን ደረጃው እንደተገኘው ነው የሚለጠፈው።

ሆላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 መንግሥታዊ መመሪያ አወጣች። በመመሪያው ወሰን ውስጥ ሆኖ ቀዳዳ የጠቆመን ሰው ተቋማት እንዳይከሱት ያበረታታል። ለጠቆመ ሰው የሚሰጠው ሽልማት "የሆላንድን መንግሥት ሰብሬ ገባሁ፤ ያገኘሁት ይህችን ርካሽ ካናቴራ ነው" የሚል ጽሑፍ ያለበት ካናቴራ ነው። ዋጋዋ ትንሽ ብትሆንም ወጣቶች ሊያገኟት ይሽቀዳደማሉ። የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2022 በቅን ልቦና የደኅንነት ጉድለት የሚመረምሩ ሰዎች በኮምፒዩተር ወንጀል እንዳይከሰሱ ለዓቃብያነ ሕግ መመሪያ ሰጥቷል።

ወጉን ያልያዘ ተቋም ምን እንደሚገጥመው ደግሞ ቡዳፔስት አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ2017 የከተማዋ የትራንስፖርት ድርጅት ትኬት በኢንተርኔት መሸጥ ጀመረ። አንድ የ18 ዓመት ወጣት 9,500 ፎሪንት ገደማ የሚሸጠውን ወርኃዊ ትኬት፣ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ዋጋውን ቀይሮ በ50 ፎሪንት መግዛት እንደሚቻል አየ። በትኬቱ አልተጠቀመም፤ ለድርጅቱ በኢሜይል አሳወቀ። የመጣለት ምላሽ ፖሊስ ነበር፤ ከቤቱ ተወስዶ ምርመራ ተደረገበት። ሕዝቡ ነገሩን ሲሰማ በወጣቱ ፈንታ የተቆጣው በድርጅቱ ላይ ነው። የፌስቡክ ገጹ በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ የአንድ ኮከብ ምዘናዎች ተጥለቀለቀ። ድርጅቱ ያጣው ግን ስሙን ብቻ አይደለም። ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ቀዳዳ ያየ የቡዳፔስት ወጣት ኢሜይል ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ያስባል።

ሥጋቶቹ

ይህ አሠራር ለእኛ አይሆንም የሚሉ ወገኖች የሚያነሷቸው ነጥቦች አሉ፤ መመለስም አለባቸው።

አንደኛው "በሩን ከከፈትን ሌባ እንጋብዛለን" የሚል ነው። ሌባ ግብዣ ጠብቆ አያውቅም። የጥቆማ አድራሻ መለጠፍ የሚጋብዘው እስካሁን ፈርቶ የተቀመጠውን ቅን ሰው ነው። የሚጠቁም ሰው የሚፈቀድለትና የማይፈቀድለት በጽሑፍ ከተለየ ደግሞ ከወሰኑ ያለፈው በቀላሉ ይታወቃል።

ሁለተኛው "ገንዘብ ካልሰጣችሁኝ አወጣዋለሁ" የሚል አስፈራሪ ይመጣል የሚል ሥጋት ነው። ይህ እውነተኛ ሥጋት ነው፤ በሌላውም አገር ያጋጥማል። አስቀድሞ ዋጋ የሚደራደር ሰው ጠቋሚ አይባልም፤ የሚጠብቀውም የማስፈራራት ወንጀል ሕግ ነው። ጠቋሚ መጀመሪያ ይናገራል፤ ምስጋናም ሆነ ሽልማት ቢመጣ ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ ማየት ግን ሁለቱንም አስፈራሪ ያደርጋቸዋል።

ሦስተኛው የወጪ ጉዳይ ነው። አንድ የኢሜይል አድራሻ፣ አንድ የስልክ መስመርና በሌሊት ተራ የሚጠብቁ ሁለት ባለሙያዎች በዓመት ምን ያህል ያስወጣሉ? ከ801 ሚሊዮን ብር አጠገብ ቢቀመጥ ቁጥሩ ለመናገርም ያሳፍራል። ሽልማቱም ግዴታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 ኔትስኬፕ የተባለው ኩባንያ ለጠቋሚዎች መክፈል ሲጀምር አዲስ ነገር ነበር፤ ዛሬም ብዙ ተቋማት የሚሰጡት የምስጋና ደብዳቤ ብቻ ነው። ሥራ ለሚፈልግ ተመራቂ ከባንክ የተጻፈ የምስጋና ደብዳቤ ቀላል ነገር አይደለም።

አራተኛው "ሶፍትዌሩን ከውጭ ነው የገዛነው፤ እኛ ምን እናድርግ?" የሚለው ነው። የባንኮች ዋና ሶፍትዌር በአብዛኛው ከውጭ የሚገዛ መሆኑ እውነት ነው። ይህ ግን ነገሩን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም። በአንዱ ባንክ የታየ የምርቱ ጉድለት ያንኑ ምርት በገዛው በሌላውም ውስጥ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ገዢው ባንክ በውሉ ላይ ሻጩ ጥቆማ ሲደርሰው በስንት ቀን መልስ እንደሚሰጥና በስንት ቀን እንደሚጠግን ማስጻፍ ይኖርበታል። ጆንያ ሲገዛ ንጹሕ መሆኑን የሚያረጋግጥ ነጋዴ ሶፍትዌር ሲገዛ ዝም የሚልበት ምክንያት የለም። ጠርጥር፣ ገንፎም አለው ስንጥር ነው ነገሩ።

ምን ይደረግ?

ከባንኮች የሚጠበቀው አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ የጥቆማ አድራሻቸውን የወለድ ተመናቸውን በሚለጥፉበት ቦታ፣ በድረ ገጻቸው ፊት ገጽና በኤቲኤሙ ግንባር ላይ በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ ይለጥፉ። ሁለተኛ፣ መልእክቱ በደረሳቸው በሰዓታት ውስጥ "ደርሶናል" ይበሉ። ሦስተኛ፣ በወሰኑ ውስጥ ሆኖ የጠቆመን ሰው እንደማይከሱ በጽሑፍ ቃል ይግቡ። አራተኛ፣ ጥቆማውን የተቀበለ የሌሊት ተረኛ አገልግሎቱን ለማስቆም የሚያበቃ ሥልጣን ወይም ሥልጣን ያለውን ሰው የሚቀሰቅስበት መስመር ይኑረው። አራተኛው ከሌለ ሦስቱ ጌጥ ናቸው።

ከጠቋሚውም የሚጠበቅ አለ። የማይገባ ገንዘብ በእጁ ከገባ አንዲት ሳንቲም ሳይነካ ማስቀመጥና መመለስ፤ ቀዳዳውን እንዳየ እዚያው ላይ መቆም፤ የሌላ ሰው ሒሳብ ወይም መረጃ አለመክፈት፤ ሰዓቱን፣ ቦታውንና ያደረገውን በቅደም ተከተል መጻፍ፤ ለባለቤቱ ብቻ መንገርና እስኪጠገን ለጓደኛም ቢሆን አለመተንፈስ። ይህን ለማስተማር እንደ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተቋማት የተሻለ ቦታ አላቸው። የኮምፒዩተር ተማሪ ፕሮግራም መጻፍ ሲማር ጉድለት ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግም አብሮ ቢማር፣ በመጋቢቱ ሌሊት ማግስት የወጣው ዓይነት "መልሱ" የሚል ማሳሰቢያ ለሚቀጥለው ጊዜ ላያስፈልግ ይችላል።

በባንክና በጠቋሚ መካከል ደግሞ አስታራቂ ያስፈልጋል። በጌዴኦ ባህል የተጣሉ ሰዎች ጉዳያቸውን ሶንጎ ላይ ይዘው ይቀርባሉ፤ ሽማግሌዎቹ ሁለቱንም ሰምተው ይፈርዳሉ። ተናጋሪው ደፍሮ የሚናገረው ሰሚው ከተከሳሹ ወገን ብቻ ባለመሆኑ ነው። ለሶፍትዌር ጉድለት ይህን ቦታ ሊይዝ የሚችለው በኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ሥር ያለው ኢትዮ-ሰርት ነው። ባንኩን የፈራ ሰው ለእርሱ ይናገራል፤ እርሱም የጠቋሚውን ማንነት ጠብቆ ለባንኩ ያደርሳል፤ ቀን ይቆርጣል፤ መጠገኑንም ይከታተላል። አስተዳደሩ የሳይበር ተሰጥዖ ያላቸውን ወጣቶች ሰብስቦ ማሠልጠን ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። በእጁ ያሠለጠነው ወጣት ቀዳዳ ሲያገኝ በሕግ ፊት ምን ዋስትና እንዳለው መንገር የዚያው ሥራ ቀጣይ ምዕራፍ ነው።

ብሔራዊ ባንክም ለባንኮች በሚያወጣው መመሪያ የጥቆማ መቀበያ እንዲኖራቸው ማዘዝ ይችላል። የፍትሕ ሚኒስቴር ደግሞ አዋጅ ሳይሻር፣ ለዓቃብያነ ሕግ በሚሰጥ መመሪያ ብቻ፣ በቅን ልቦና የጠቆመን ከዘራፊው መለየት ይችላል። ሁለቱም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የይርጋጨፌ ቡና ስሙን ያቆየው ጉድለቱ ከገዢው በፊት እዚሁ ተለቅሞ እንዲወጣ የሚያደርግ ልማድ ስላለው ነው። ባንክ የሚሸጠው እምነት ነው፤ ከቡና ያነሰ ፍተሻ አይገባውም። የባንክ ሲስተም ወደፊትም ይታደሳል፤ እድሳቱም ሰው በማይበዛበት በሌሊት ይካሄዳል። ያን ሌሊት ዲላ ላይ ስልኩን ይዞ የነቃ ተማሪ አይጠፋም። ከጓደኞቹ ስልክ ቁጥር ቀድሞ የሚያገኘው ሌላ ቁጥር ይኑረው፤ ያም ቁጥር ይነሳ።